በፍሉድ የሸፈንኩት መስመር

የጡረታ ሽኝቴ ቀን የምስጋና ወረቀቴን በፍሬም አድርገው አመጡልኝ። ዙሪያውን አበባ ተስሎበት፣ ከግርጌው ማኅተም አርፎበት፣ መሃሉ ላይ በወርቅማ ቀለም «ወይዘሮ አልማዝ ዳና» ተብሎ ተጽፏል። ከስሜ ሥር ደግሞ «በአገልግሎት ዘመናቸው ሁሉ ትጉህ፣ ትሑትና ለአለቆቻቸው ታዛዥ ሠራተኛ ስለነበሩ» ይላል። ታዛዥ! ሌላ ቃል ጠፍቶ ነው? ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ እኔም ተነስቼ እጅ ነሳሁ። ቤት ስገባ ግን ልጆቼ ምን ሆንሽ እያሉኝ ፍሬሙን ሶፋው ላይ ወረወርኩት።

ያነበበውስ ማን መሰላችሁ? ዶክተር አስፋው። ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኖ ከክልል ነው የመጣው፤ የምነግራችሁ ነገር ሲሆን የሆስፒታላችን ሜዲካል ዳይሬክተር ነበር። በዕድሜ ታናሼ ቢሆንም ዘመኑን ሁሉ አንቱ ስለው ኖሬያለሁ። እዚህ ላይ ግን አንቱታውን አንስቼበታለሁ። ጡረታ ለዚህ ካልጠቀመ ለምን ይጠቅማል?

«ሴትዮዋ አርጅታ ተነጫነጨች» የሚል ይኖራል። ይበል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለኝም አይጠፋም፤ እሱ እንኳ እውነቱን ነው። የምነግራችሁ ሳልጮህ የቀረሁበትን ቀን ነው።

ደርግ ሲወድቅ በዴሳ ጤና ጣቢያ ጤና ረዳት ነበርኩ። ቁስል ማጠብ፣ መርፌ መቀቀል፣ ካርድ ማውጣት፣ ሁሉም የኔ ነው። በገበያ ቀን በሬ የወጋው ነጋዴ ይመጣል፣ ከእህል ጭነት ላይ የወደቀ ወዛደር ይመጣል። አጥንቱ ተሰብሯል አልተሰበረም የምንለው በእጃችን ዳብሰን ነው። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ዳሌያቸውን ይዘው መጡ። «ወለምታ ነው» ብዬ አሽቼ ሰደድኳቸው። ከሳምንት በኋላ በቃሬዛ ተመለሱ፤ አጥንቱ ለሁለት ተሰብሮ ኖሯል። እሳቸው አልተቆጡኝም፤ «አንቺ ምን ታደርጊ ልጄ፣ ሥጋን አልፎ የሚያይ ዓይን የለሽ» አሉኝ። እኔ ግን በራሴ ተናድጄ ስለነበር የኤክስሬይ ሥልጠና ማስታወቂያ ሲወጣ የመጀመሪያዋ አመልካች ሆንኩ። የሁለት ልጆች እናት ሆኜ አዲስ አበባ ከሃያ ዓመት ጎረምሶች ጋር ተምሬ፣ ተመርቄ፣ ሶዶ ተመደብኩ። ደመወዙን አላወራም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሶዶ ስደርስ የኤክስሬይ ክፍሉ ከግቢው ጥግ ያለ፣ ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ነበር። የዛሬ ልጆች ኮምፒውተር ላይ ጠቅ አድርገው ሳምባ ያያሉ። እኛ ፊልሙን ዳርክ ሩም ውስጥ በቀይ መብራት ሥር፣ መጀመሪያ በዴቨሎፐር፣ ከዚያ በውሃ፣ ከዚያ በፊክሰር አጥበን፣ እንደ ልብስ ገመድ ላይ አስጥተን ነው የምናየው። ደቂቃውን በሰዓት አልቆጥርም፤ በመዝሙር ነው። አንድ መዝሙር ከነአዝማቹ ስጨርስ የሳምባ ፊልም ይደርሳል። መብራት በመሃል ከሄደ ደግሞ ያው ጨለማው ውስጥ ቆሜ እዘምራለሁ። ከውጭ የሚጠብቁ በሽተኞች «ሲስተር ምን ነካት?» ይባባላሉ። ሲስተር አይደለሁም ብዬ ስንት ዓመት ተከራከርኩ መሰላችሁ! ነጭ ጋወን የለበሰች ሴት ሁሉ ለኛ አገር ሰው ሲስተር ናት። በኋላ ተውኩት።

ዶክተር ኃይሉን ያገኘሁት እዚያ ነው። የውስጥ ደዌ ሐኪም ናቸው፤ ውጭ አገር ተምረው፣ ከተማ መቅረት ሲችሉ «ሰው ያለው ክፍለ ሀገር ነው» ብለው የመጡ። ሆስፒታሉ የመጀመሪያውን አልትራሳውንድ ሲያገኝ እጄን ይዘው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ዛሬ በሕይወት የሉም። ስለሳቸው ብዙ ማለት እችላለሁ፤ ሦስት ልማዳቸውን ብቻ ልንገራችሁ።

አንደኛው፣ ለምርመራው ሆድ ላይ የሚቀባውን ጄል ሁልጊዜ ሙቅ ውሃ ውስጥ ያቆዩታል። «የበረደ ነገር ሆዱ ላይ ያፈሰስሽበት ሰው ሆዱን ያጠብቃል፤ የጠበቀ ሆድ ምስጢሩን አያወጣም» ይሉ ነበር። ሁለተኛው፣ በሽተኛውን ወደ ግራ ጎኑ ያስተኙታል። ሰነፍ መርማሪ ሰውን በጀርባው ብቻ አስተኝቶ ሁለቴ ሞዠቅ ሞዠቅ አድርጎ ይለቀዋል። የጉበት አናት ግን ከጎድን አጥንት በስተጀርባ፣ ከሳምባ ሥር ተሸሽጎ ነው ያለው። ወደ ጎን አስተኝተሽ፣ ትንፋሽ አስይዘሽ፣ በሁለት ጎድን መካከል ገላ ላይ የሚንሸራተተውን የማሽኑን ፕሮብ አዘንብለሽ ካልፈለግሽ አይገኝም። እኔ «ትንፋሽ ይያዙ» የሚለውን በወላይትኛ ስናገር እሳቸው እየሰሙ ይደግሙታል፤ አነጋገራቸው በሽተኛውን ያስቀውና ትንፋሹ ያመልጠዋል፤ እንደገና እንጀምራለን።

ሦስተኛው ልማዳቸው ይህ ነው። የሐኪሙን የማዘዣ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ይደፉታል። ሳያነቡ ይመረምራሉ። ያዩትን በእርሳስ ይስላሉ፣ ይለካሉ፣ ይጽፋሉ። ከዚያ በኋላ ነው ወረቀቱን የሚገለብጡት። «መጀመሪያ ዓይንሽ፣ ቀጥሎ ወረቀቱ። ወረቀት ያስቀደመ ዓይን የሚያየው ወረቀቱን ነው» ይሉኝ ነበር። እኔ ሌላውን ሁሉ ተምሬ እዚች ላይ ልወድቅባት ነው፤ ያዙልኝ።

አንድ ከሰዓት ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ ዳርክ ሩም ገብተው ፊልም ሳጥብ ያዩኛል። አፍንጫቸውን ነፋ ነፋ አደረጉና «ምንድን ነው የሚሸተው?» አሉ።

«ፊክሰር ነዋ ዶክተር።»

«ፊክሰሩ ውስጥስ?»

ከትምህርት ቤት አስታውሼ «የአቼቶ አሲድ» አልኩ።

«ጎበዝ። እናንተ ጓሮ የቆጮ ጉድጓድ ሲከፈት የሚሸተውስ?»

«እሱማ ቆጮ ነው!»

ሳቁብኝ። ከዚያ ፊልሙ እስኪደርቅ ያስተማሩኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ስብ ማለት ረጅም የዶቃ ክር ነው አሉኝ። አጭር ሰንሰለት ፋቲ አሲድ የሚባሉት ግን ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ዶቃ ብቻ ያላቸው ናቸው። ባለ አራቱ የቆየ ቅቤ ይሸታል። ባለ ሁለቱ አሲቴት ይባላል፣ የአቼቶ ወገን ነው፤ ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ሲብላላ ይወጣል፣ አንጀታችን ውስጥም የጎመኑንና የቦሎቄውን አሰር ተህዋስያን ሲያብላሉት ይወጣል። ሰውነት ያን ባለ ሁለት ዶቃ ሲያገኝ ወይ አንድዶ ጉልበት ያደርገዋል፣ ወይ አንዱን ከሌላው እየቀጠለ ረጅም ስብ ይሠራበታል።

«ዕጢ ምንድን ነው ሥራው? ማደግ ነው» አሉኝ። «ለማደግ አዲስ ሕዋስ ይሠራል፤ ለሕዋሱ ግድግዳ ስብ ይፈልጋል። ስለዚህ አንዳንዱ ዕጢ አሲቴት ሲያልፍ እየለቀመ ያስቀራል። አሲቴቱ ላይ ጨረር የምትሰጥ ምልክት አስረሽ በደም ሥር ብትሰጪው፣ ካሜራው ዕጢው ያለበትን ያበራልሻል። የተለመደው ምርመራ ግን በስኳር ነው። አብዛኛው ዕጢ ስኳር ይሰለቅጣል፣ ያበራል። የጉበት ዕጢ ግን፣ በተለይ ቀስ ብሎ የሚያድገው፣ አባቱን ጉበትን ይመስላል። ጉበት ስኳር ተቀብሎ መልሶ ይለቃል፤ ልጁም እንደ አባቱ ይለቃል። በስኳር ብትፈልጊው አይታይም። በአሲቴት ብትፈልጊው ይገኛል።»

«ታዲያ ለምን ሁሉም በአሲቴት አይመረምሩም?»

«ዕድሜ የለውም። ምልክቷ በሃያ ደቂቃ ግማሿ ትሞታለች። ከሶዶ በሚኒባስ ብትልኪው ቦዲቲ ሳይደርስ አለቀ በይው። የሚሠራበት ማሽን ያለበት ግቢ ውስጥ ብቻ ነው የሚያገለግለው፤ ያ ማሽን ያላቸው ደግሞ ሀብታሞች ናቸው።»

ተናደድኩ። የኛው ጓሮ የሚሸተው ነገር ለኛ ጉበት አይደርስም ማለት ነው? «እንዲያ ከሆነ ለኔ ማወቁ ምን ይረባኛል?» አልኳቸው።

«ይረባሻል እንጂ። አንድ ቀን ከትልቅ አገር 'ምንም አልታየም' የሚል ወረቀት ይመጣልሻል። ያን ቀን 'በምን ነው ያያችሁት?' ብለሽ ጠይቂ።»

ያ ቀን መጣ። ዶክተር ኃይሉ ካረፉ በኋላ፣ ከሚሊኒየሙ ጥቂት ዓመት ቆይቶ መጣ።

መምህር ዮሐንስ ልጅ ሳለሁ ቦዲቲ አራተኛ ክፍል አስተምረውኛል። ቁጡ አልነበሩም፤ አንድ ሕግ ብቻ ነበራቸው። ክፍላቸው ውስጥ ላጲስ የሚባል ነገር አይገባም። የተሳሳተ ልጅ በስህተቱ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ያሰምርበታል፣ ከጎኑ ትክክለኛውን ይጽፋል። «አጥፍተሽው ከየት እንደመጣሽ በምን ታውቂያለሽ? ሰርዢው፣ ግን ይነበብ» ይሉ ነበር። ምራቋን ቀብታ በጣቷ ያሸች ልጅ ደብተሯን እንደገና ትጽፋለች። እኔ ሁለቴ ጽፌያለሁ። ከጡረታ በኋላ ሶዶ ልጃቸው ቤት አጠገብ መጥተው ይኖሩ ነበር፤ በአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያንም ሽማግሌ ነበሩ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሣራን ሁላችንም አዬ ሣራ እንላቸዋለን፤ አዬ በወላይትኛ እናት ማለት ነው። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፤ እኔን «አንተ ልጄ» ሲሉኝ ደስ ይለኛል።

መምህር «ቀኝ ጎኔን ይከብደኛል» ብለው መጡ። ጄሉን አሙቄ፣ ማዘዣውን ደፍቼ፣ ወደ ግራ ጎናቸው አስተኛኋቸው። ትንፋሽ ያዙ። ከጉበቱ አናት፣ ከጎድን ኋላ አገኘሁት፤ ክብ፣ ዙሪያውን ጥቁር ቀለበት ያለው፣ አራት ሴንቲ ሜትር። ለቅቄ እንደገና ፈለግኩት፤ አለ። ሦስተኛ ሞከርኩ፤ አለ። «በቀኝ ጉበት ከላይ፣ አራት ሴንቲ ሜትር ክብ እብጠት፤ በአስቸኳይ ይጣራ» ብዬ በመዝገቡ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኩ። አንድ ብቻ ነበር፣ ከቦታው አልወጣም ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባልበት ሰዓት ነበር።

«መምህር፣ አንድ ነገር አይቻለሁ። አዲስ አበባ ሄደው ይታዩ» አልኳቸው።

«ካየሽው አለ ማለት ነው» አሉኝ። ጃኬታቸውን እየለበሱ እንዲህ ነው ያሉኝ።

አዲስ አበባ ግን በሽተኛ ወደ ውጭ የሚልክ ደላላ ቤተሰቡን ቀድሞ አገኘው። ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር የሚያሳይ ማሽን ውጭ አገር አለ አላቸው። ከዚያ በላይ ምርመራ የለም፣ ሌላው ሁሉ ጊዜ ማጥፋት ነው አላቸው። ልጆቻቸው አዋጡ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ገንዘብ ሰበሰበ፣ መምህር ተሳፍረው ሄዱ። በሦስተኛው ሳምንት ተመለሱ። ያን ቀን ከነፖስታቸው በቀጥታ ሆስፒታል መጡ፤ ዶክተር አስፋው ቢሮ ገቡ፤ እኔም ተጠራሁ።

ዶክተር አስፋው ወረቀቱን ይዞ ፈገግ ብሏል። «ንጹሕ ነው! ምንም የሚያበራ ነገር የለም። ሲስተር አልማዝ፣ መምህራችንን ያለ ምክንያት ባሕር አሻገርሻቸው እኮ!» አለኝ።

ወረቀቱን ተቀበልኩት። ሁለት ገጽ ነው። አንደኛው ገጽ ንጹሕ ይላል። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ በትንንሽ ፊደል፣ ምርመራው በስኳር መደረጉን ይገልጽና፣ ስኳር የማይዙ የጉበት ዕጢዎች ስላሉ በአልትራሳውንድ የታየው ነገር በሌላ መንገድ እንዲጣራ ይመክራል። ተጽፏል! ማሽኑ አልዋሸም፣ ሐኪሞቹም አልዋሹም። ደላላው የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ነው ያነበበላቸው።

«ዶክተር፣ ይሄ የስኳሩ ምርመራ ነው» አልኩ። «የጉበት ዕጢ በስኳር ላይታይ ይችላል። ዶክተር ኃይሉ በአሲቴት ነው የሚታየው ይሉ ነበር። ሁለተኛው ገጽም...»

«ያን ዓረፍተ ነገር እኮ ከክስ ለመዳን ሁሉም ወረቀት ላይ ይለጥፉታል። አንቺ ኤክስሬይ አንሺ ነሽ። ለውጭ ስፔሻሊስት ስለ አቼቶ ልታስተምሪ ነው?» ብሎ ሳቀ።

መምህር ሁለታችንንም አዩን። ከዚያ ጃኬታቸውን ማውለቅ ጀመሩ። «ጥርጥር ካለ ምን ቸገረኝ፣ እንደገና ልተኛላት። አልጋው ባዶ ነው አይደል?» አሉ።

አልጋው ባዶ ነበር። ጄሉም ሙቅ ነበር። ግቢውን መሻገር ብቻ ነበር የቀረን።

«አያስፈልግም መምህር፣ ልብስዎን ይልበሱ» አለ ዶክተር አስፋው። ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የራስን ሐሳብ ማስበለጥ ባለፈው ግምገማ ተነስቶብሻል፤ እንዳይደገም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ተነስቶብኛል። የዚያን ዘመን ግምገማ የቀመሰ ያውቀዋል፤ አርባ ሰው ፊት ቆመህ ትዕቢተኛ ነኝ ብለህ ካላመንክ ማታ ቤትህ አትገባም።

መምህር አንድ እጃቸው ከጃኬቱ እንደወጣ ነው። «አልማዝ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?» አሉኝ።

የተናገርኩትን ቃል በቃል እነግራችኋለሁ። ወለሉን እያየሁ «ወረቀቱ እንዳለው ነው መምህር» አልኩ።

እጃቸውን ወደ ጃኬቱ መለሱ። እግዚአብሔርን አመስግነው፣ ዶክተር አስፋውን ጨብጠው፣ እኔን ትከሻዬን መታ አድርገው ወጡ። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ብዬ ዶክተር አስፋውን ብዙ ጊዜ ረግሜዋለሁ። እኔስ? እኔ እኮ ነቅቼ ነበር!

በሳምንቱ የዞን ሱፐርቪዥን ይመጣል ተባለ። መዝገብ ሁሉ ይታያል። ዶክተር አስፋው በየክፍሉ ዞሮ የኔ ክፍል ሲደርስ የመምህርን መስመር በጣቱ ጠቆመኝ። «ይሄ ከውጭ ውጤት ጋር አይጣጣምም። ጥያቄ ያስነሳብናል። አስተካክዪው» አለ። ፍሉዱን ራሱ ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ አምጥቶ ሰጠኝ። ያችን ነጭ ቀለም ቀባሁ። እስክትደርቅ እፍ አልኩባት። ከላዩ «ጤናማ» ብዬ ጻፍኩ። መዝገቡን ዘግቼ ቀጣዩን በሽተኛ ጠራሁ።

በዚያው እሑድ መምህር ቤተ ክርስቲያን ምስክርነት ሰጡ። ከውጭ ያመጡትን ፊልም ይዘው መድረክ ላይ ወጡ፤ «ጉበቴ ንጹሕ ነው ብለዋል፤ ለጌታ ክብር ይሁን» ሲሉ አዳራሹ በእልልታና በሃሌሉያ ተናወጠ። በእምነቱ አልሣቅም፣ የኔም እምነት ነው። ግን የኛን ሰው አውቀዋለሁ። አንድ ሰው ተፈወስኩ ብሎ በጉባኤ ከመሰከረ በኋላ ተመልሶ «እስቲ ልመርመር» ቢል ጌታን የተጠራጠረ ይመስለዋል። በር የሚዘጋው እግዚአብሔር አይደለም፤ እኛ ነን። ያን በር ደግሞ በሐሰት ወረቀት የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ስንወጣ አዬ ሣራ ደጃፉ ላይ ክንዴን ያዙኝ። ሰው እየተላለፈ፣ እየሳመን፣ እንኳን ደስ አላችሁ እያለ ነው። ወደ ጆሮዬ ተጠጉና «አንተ ልጄ፣ ያኔ ያየኸው ጨርሶ ጠፋ አይደል?» አሉኝ።

«ጌታ ይመስገን» አልኩ።

አያችሁ? ጌታ ይመስገን መልስ ነው እንዴ? የጠየቁኝ እኮ ስለ ጉበት ነው! በስሙ ተከልዬ ነው ያመለጥኩት። አዬ ሣራ ግን እንደ መልስ ቆጥረውት ሳሙኝ።

ከሁለት ወር በኋላ መምህርን ያማቸዋል። መሄድ አልፈለጉም፤ አዬ ሣራ ናቸው ጎትተው ያመጧቸው። እኔ ያን ሳምንት አረካ ከተማ ለጤና ዘመቻ ሄጄ ነበር። አዲስ የመጣ ወጣት ሐኪም ተረኛ ነበር፤ ጥንቁቅ ልጅ ነው፣ ተነስቶ ኤክስሬይ ክፍል ድረስ ሄዶ የአልትራሳውንድ መዝገቡን ገለጠ። ጤናማ ይላል። «መዝገቡም ጤናማ ይላል» ብሎ የጨጓራ ሽሮፕ ሰጥቶ ሸኛቸው። ይህን ልጅ ማንም እንዳይወቅሰው። ሊያነበው የሚገባውን አንብቧል። የጻፍኩለት ውሸት ነው።

ሦስት ወር ተጨመረ። መምህር ሲመጡ ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል፣ ሆዳቸው ተነፍቷል፣ አንገታቸው ቀጥኗል። ማዘዣ አልያዙም፤ ቀጥታ እኔ ክፍል ነው የገቡት፣ አዬ ሣራ ደግፈዋቸው። አስተኛኋቸው። ወደ ጎን ማስተኛት አላስፈለገኝም። ፕሮቡን ባሳረፍኩበት ሁሉ አለ። ያ ክብ ነገር የጉበቱን ግማሽ ይዞ፣ ልጆች አፍርቶ፣ ትልቁ ደም ሥር ውስጥ ገብቷል። ጄሉን በጨርቅ ስጠርግላቸው እጄን ያዙኝ።

«መዝገቡን አምጪልኝ።»

«የትኛውን መምህር?»

«የመጀመሪያ ቀን የጻፍሽበትን።»

ዝም ብሎ መካድ ይቻል ነበር። መዝገቡ ስቶር ገብቷል ማለት ይቻል ነበር። አመጣሁት። አልጋው ጫፍ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ስማቸውን በጣታቸው ፈለጉ። ነጩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ጥቂት አዩት። ከዚያ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ፋቁት፣ ቀስ ብለው፣ ቅርፍት ቅርፍት እያለ ጋቢያቸው ላይ ረገፈ። የኔ እስክሪብቶ ከሥሩ ወጣ። ድምፃቸውን አውጥተው፣ ክፍል ውስጥ እንደሚያነቡት አነበቡት። አራት ሴንቲ ሜትር። በአስቸኳይ ይጣራ።

አዬ ሣራ የተነበበው ባይገባቸውም ፊቴን አይተው ገባቸው። ትከሻዬ ላይ አሳርፈውት የነበረውን እጃቸውን አነሱ።

«አልማዝ፣ በክፍሌ ላጲስ ነበረ?» አሉኝ መምህር።

«አልነበረም መምህር።»

«ተሳስቻለሁ ብለሽ ነው ያጠፋሽው?»

«አይደለም። እንዳልተሳሳትኩ አውቅ ነበር» አልኩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ያኔ ግን አንዲት እንባ አልወጣችኝም።

ራሳቸውን ነቀነቁ። አልጮሁም። ቢጮሁ ምን ነበረበት! «አንድ መስመር ብቻ ብትሰርዢበት» አሉ፣ «ያ ወጣት ሐኪም ከሥሩ ያነበው ነበር።» መዝገቡን ዘግተው መለሱልኝ። አዬ ሣራን ተደግፈው ወጡ።

ገና ያኔ ቢቆረጥ ይድኑ ነበር አልልም፤ አላውቅም፣ ማንም አያውቅም። ዕድል ነበራቸው። ያን ዕድል ነው የነጠቅናቸው፤ እሱ በሥልጣኑ፣ እኔ በእጄ። ክረምቱን አልጨረሱም። አዬ ሣራ ለቅሶው ላይ አላናገሩኝም፤ ዛሬም ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ሰላም ይሉኛል እንጂ «አንተ ልጄ» አይሉኝም። እኔም ከዚያ ወዲህ ፍሉድ የሚባል ነገር ክፍሌ አላስገባሁም። ለአዳዲሶቹ ልጆች ሁሉ ወረቀት ማስደፋት አስተምሬያለሁ፤ ከውጭ ንጹሕ የሚል ውጤት ሲመጣ በምን እንደታየ፣ በስኳሩ ይሁን በሌላው፣ እንዲጠይቁ፣ ሁለተኛውንም ገጽ እንዲያነቡ ወትውቻለሁ። ዶክተር አስፋው ፊት ቆሜ «ገደልናቸው» ግን አላልኩም። አንድም ግምገማ ላይ አላነሳሁትም። እሱ አደገ፣ ተሾመ፤ እኔ ዝም አልኩ። ለዚያ ዝምታ ነው እንግዲህ ያን ፍሬም ያመጣልኝ። አምጥቶም በፊቴ አነበበው፤ አንድም ጊዜ አልተደናቀፈም!

በሽኝቱ ማግስት ፍሬሙን ከሶፋው አነሳሁ። አንዷ ልጄ ምድጃ ውስጥ ክተቺው አለችኝ። ሌላዋ መሳቢያ ውስጥ ደብቂው አለች። ሁለቱንም እምቢ አልኩ። መስታወቱን አወጣሁ፣ እስክሪብቶዬን አነሳሁ፣ «ለአለቆቻቸው ታዛዥ» በሚለው ላይ አንድ ቀጭን መስመር አሰመርኩበት። መስታወቱን መልሼ ሳሎን ሰቀልኩት። የተሰረዘው ከሥሩ በደንብ ይነበባል፤ ከጎኑ ደግሞ እንደ አራተኛ ክፍል ልጅ ትክክለኛውን ጽፌያለሁ፦ «አይታ ነበር።»